የወንበሩ ንዝረት የጤናም የመብትም ጉዳይ ነው
በሪያድ ለሚገኙ የከባድ ተሽከርካሪ አሽከርካሪዎችና ኦፕሬተሮች የተደረገ ንግግር



በሪያድና በዙሪያዋ በሚካሄዱት የግንባታ ሥራዎች ሎደር፣ ዶዘር፣ ግሬደርና ገልባጭ መኪና ስትነዱ የምትውሉ ወገኖቻችን ናችሁ። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፓስፖርትና ስለ ኢቃማ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ትመጣላችሁ። የወገብ ሕመምን ግን «ሥራው ነው» ብላችሁ በዝምታ ትችላላችሁ። ዛሬ ላስገነዝባችሁ የምሻው ይህን ነው፦ ሕመሙን የሚያባብሰው ንዝረት ሊቀነስ ይችላል፤ እንዲቀነስ መጠየቅም መብታችሁ ነው።

የተቀመጠ ሰው አከርካሪ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ለሚደጋገም የላይና ታች ንዝረት እጅግ ስስ ነው። ጎድጓዳ መሬት ከሚፈጥረው ድንገተኛ ንጥቂያ ጋር ለዓመታት ሲደራረብ ወገብን ይጎዳል፤ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ መንዳት ደግሞ ያከፋዋል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው መመሪያ በዚህ አገር ሕግ ባይሆንም ለማመሳከሪያ ይጠቅመናል። በስምንት ሰዓት ሥራ ንዝረቱ በሰከንድ ካሬ 0.5 ሜትር ሲደርስ አሠሪው የመቀነሻ እርምጃ እንዲወስድ ያዛል፤ ከ1.15 እንዳያልፍም ይከለክላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ንዝረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው የሚያጥረው በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው። በ0.5 በስምንት ሰዓት የሚሞላው መጠን በ1.0 በሁለት ሰዓት ይሞላል። ስለዚህ ምልልስ ለመጨመር በጎርባጣ መንገድ ላይ መፍጠን ዋጋውን የሚያስከፍለው ወገባችሁን ነው።

መፍትሔው ከወንበሩ ይጀምራል። ከወንበሩ ሥር ያለው ስፕሪንግ ወይም የአየር ባሎን በነጂው ክብደት ልክ መስተካከል አለበት። ለ110 ኪሎ የተስተካከለ ወንበር 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ለቀላል ሰው የተስተካከለው ደግሞ ከባዱን ሰው ከታች እስኪመታ ያሰምጠዋል። ፈረቃ ስትረከቡ መጀመሪያ ወንበሩን በክብደታችሁ አስተካክሉ፤ ስትቀመጡበት ከእንቅስቃሴው መካከል ላይ ሊያርፍ ይገባል። ባሎኑ ከተነፈሰ ወይም ስፖንጁ ካለቀ ትራስ መደረብ ጥገናን አይተካም። የጎማው ንፋስ በልኩ ይሁን፤ የምትመላለሱበት መንገድ በግሬደር እንዲስተካከል ጠይቁ። ከማሽኑ ስትወርዱ አትዝለሉ፤ እጀታውን ይዛችሁ ፊታችሁን ወደ ማሽኑ አዙራችሁ ውረዱ።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። በንጉሣዊ ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሳውዲ ዓረቢያ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 122 አሠሪው ሠራተኞችን ከሥራ አደጋ፣ ከበሽታና ከሚሠሩባቸው ማሽኖች ጉዳት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ለዚህም ከደመወዛችሁ መቁረጥን ይከለክላል። አንቀጽ 123 ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ስለ አደጋው እንዲነግራችሁ ያዛል። አንቀጽ 124 ደግሞ የእናንተን ግዴታ ይደነግጋል፤ የተሰጣችሁን መከላከያ ተጠቀሙ፣ መመሪያውንም አክብሩ። ለውጭ አገር ሠራተኛ የሥራ ጉዳት ዋስትና የሚከፈለው 2 በመቶ የማኅበራዊ ኢንሹራንስ መዋጮም በአሠሪው ላይ የተጣለ ነው።

ወንበራችሁ ሲበላሽ በቃል ብቻ አትናገሩ። የማሽኑን ቁጥር፣ ቀኑንና ብልሽቱን ጽፋችሁ ለኃላፊው አስረክቡ፤ ቅጂውንና ፎቶውን አስቀሩ። ሕመም ከተሰማችሁ ለሐኪሙ ምን ዓይነት ማሽን፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትነዱ ንገሩ፤ የሕክምና ወረቀታችሁንም ጠብቁ። አሠሪው ቸል ካለ በሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር የስልክ ቁጥር 19911 አቤት ማለት ወይም ወደ እኛ መምጣት ትችላላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። አሠሪው እያወቀ ያላስወገደው ከባድ አደጋ ሲኖር ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲለቅ አንቀጽ 81 ይፈቅዳል። ነገር ግን አሠሪው ማወቁን የምታስረዱት በጽሑፍ ማስረጃ ነው። ማስረጃ ሳትይዙና ሳታማክሩን ሥራውን ጥላችሁ ብትሄዱ «ሁሩብ» ተብላችሁ ልትመዘገቡ ትችላላችሁ፤ ያን ጊዜ ባለመብት ሳላችሁ ተከሳሽ ትሆናላችሁ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ አማክሩ፣ ከዚያ ወስኑ።

ወገኖቼ፣ ወደዚህ አገር የመጣችሁት ቤተሰብ ለመርዳት ነው። የሚረዳው ገንዘባችሁ ብቻ አይደለም፤ ጤነኛ ሆናችሁ መመለሳችሁም ነው። ነገ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት እጃችሁን ወደ ወንበሩ ማስተካከያ ስደዱ።