ዝርዝሩ አንድ ጊዜ ይጻፍ
በደልጊ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ደረቅ ሊመስል ይችላል። የሶፍትዌር ሰዎች ታውቁታላችሁ። የሌላ ሙያ ባልደረቦቼ ግን እስቲ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ የእናንተም ስም ያለበት መዝገብ ድረስ ይሄዳል።

ከዚሁ ከሐይቁ ልጀምር። ጣና ላይ ሲመላለስ የኖረው ጀልባ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን አዳርሶ ጎርጎራ ይገባል። ለዚህ መሥመር ቲኬት የሚቆርጥ ፕሮግራም እንሥራ ብንል፣ እነዚህ ስድስት ወደቦች ተቆጥረው የታወቁ ናቸው፤ ከእነሱ ውጭ የሚመጣ ስም ስሕተት ነው። እንዲህ አስቀድሞ የተቆጠረ ዝርዝርን በፕሮግራም ቋንቋ ኢነም እንለዋለን። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ኒክላውስ ቪርት እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ፓስካል ውስጥም አለ።

ዝርዝሩን መጻፍ ቀላል ነው። ችግር የሚመጣው በዙሪያው ካለው አጋዥ ኮድ ነው። ኮምፒዩተሩ ወደቦቹን በቁጥር ይይዛል፤ ከዜሮ ከጀመርን ደልጊ 4 ናት። ተሳፋሪው ግን ቲኬቱ ላይ ማየት የሚፈልገው ስሟን ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ስም የሚመልስ ኮድ ያስፈልጋል። ስሙን ወደ ቁጥር የሚመልስም ያስፈልጋል። ሁሉንም ወደቦች ለምርጫ የሚደረድር ይጨመራል፤ የመጣው እሴት ከዝርዝሩ ውስጥ መሆኑን የሚያጣራም እንዲሁ። እነዚህን በእጃችን ከጻፍናቸው አንዱ ዝርዝር አምስት ቦታ ተጻፈ ማለት ነው። ነገ ሰባተኛ ወደብ ሲከፈት አራቱን አስታውሶ አምስተኛውን የሚረሳ ሰው አይጠፋም። ሰው ነዋ!

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ዝርዝሩን ሰው አንድ ጊዜ ይጽፋል፣ ከእሱ የሚወጣውን ማሽን ያወጣዋል። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2004 ኢነምን ሲያስገባ እሴቶቹን የሚደረድረውንና ከስም የሚፈልገውን ኮድ ኮምፓይለሩ ራሱ እንዲያዘጋጅ አደረገ። ራስት ውስጥ ከዝርዝሩ በላይ የምትጻፍ አንዲት መሥመር ስሞቹን ለማተም ትበቃለች። ጎ የሚባለው ቋንቋ ደግሞ ራሱን የቻለ ኢነም የለውም፤ ስለዚህ ስትሪንገር የተባለ መሣሪያ ቋሚ ቁጥሮቹን አንብቦ የስማቸውን ኮድ በሌላ ፋይል ይጽፋል። ፋይሉ አናት ላይ ኮዱ በማሽን የወጣ መሆኑንና በእጅ መነካት እንደሌለበት ይገልጻል። ውስጡም ዘብ አለው፤ የነበሩት ቁጥሮች ተለውጠው መሣሪያው እንደገና ካልተጠራ ፕሮግራሙ ኮምፓይል አልሆንም ይላል። እኔ የምወደው ይህን እንቢታ ነው። ስሕተቱ የሚታየው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፣ ባለጉዳዩ መስኮት ላይ አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ዘጠኝ ክልሎችን ይዘረዝራል። ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ይህ ዝርዝር አልተነካም፤ ፕሮግራመሩም የማይለወጥ አድርጎ ቢያስበው አይፈረድበትም። ከዚያ በ2012 ሲዳማ፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ፣ በ2015 ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ መጡ። የቀድሞው ደቡብ ከዝርዝሩ ወጣ፤ ክልሎቹም 12 ሆኑ።

በአንቀጹ ቅደም ተከተል ደቡብ ሰባተኛ፣ ጋምቤላ ስምንተኛ፣ ሐረሪ ዘጠነኛ ነው። አንድ ሲስተም ዳታቤዙ ውስጥ ያስቀመጠው ይህንኑ ተራ ቁጥር ነው እንበል። ፕሮግራመሩ ሲዳማን ከደቡብ ቀጥሎ አስገባና አጋዥ ኮዱን እንደገና አወጣ። ኮዱ ምንም እንከን የለበትም፤ ኮምፓይለሩም ዝም ይላል። ነገር ግን ትናንት ጋምቤላ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ዛሬ ሲዳማ ሆኖ ይወጣል፤ የሐረሪው ጋምቤላ ይሆናል። ማንም መዝገቡን አልነካም፤ ትርጉሙ ግን ተለወጠ። መታወቂያ፣ የተማሪ ምደባ፣ ጡረታ እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ ሊቆም ይችላል።

ስለዚህ ማሽኑ የማይወስንልን ነገር አለ። የመጀመሪያው ቋሚ መለያ ነው፤ እያንዳንዱ እሴት በቦታው የማይወሰን የራሱ ኮድ ይሰጠው፣ ከዝርዝር የወጣውም ኮድ ለሌላ አይሰጥ። ሁለተኛው የለውጡ ታሪክ ነው። ድሮ "ደቡብ" ተብሎ የተመዘገበው ሰው የወላይታ ከሆነ ደቡብ ኢትዮጵያ፣ የሐዲያ ከሆነ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ የካፋ ከሆነ ደቡብ ምዕራብ ነው። ዞኑን ሳያውቅ ይህን የሚመልስ መሣሪያ የለም።

ሦስተኛው ፊደላችን ነው። "ባሕር ዳር" እና "ባህር ዳር" ለእኛ አንድ ከተማ ናቸው። በዩኒኮድ ግን ህ 1205፣ ሕ 1215 ነው፤ በማሽን የወጣው ኮድ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን "አላውቀውም" ይላል። የትኞቹ ፊደላት እንደ አንድ እንደሚቆጠሩ ልንነግረው የሚገባ እኛ ነን።

አራተኛው ጳጉሜን ናት። ዐሥራ ሦስቱን ወራት ዘርዝሩለት፣ ስማቸውን የሚያትመውን ኮድ ያወጣላችኋል። ጳጉሜን ስንት ቀን እንዳላት ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ በዘመነ ሉቃስ ስድስት፣ በሌሎቹ አምስት ናት። ይህን ደንብ ሰው መጻፍ አለበት፤ አለዚያ በጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ ልደቱን የሚቀበለው ፎርም ያጣል።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተማሪው ኢነም ሲማር በዚያው ሰሞን ዝርዝሩን አስለውጡት። አንድ እሴት መሀል ላይ ያስገባ፣ አንዱን ያውጣ፣ ከዚያ የድሮውን ዳታ ያንብብ። ፈተናው እሱ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ የማኅበራችን ልጆች ደግሞ ሰኞ ስትገቡ የምትሠሩበትን ሲስተም አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ የክልሎቹ ዝርዝር ስንት ቦታ ተጽፏል? መልሱ ከአንድ ከበለጠ ሥራ አላችሁ ማለት ነው።