ወፍራም ሳሙና ሁሉ ጥሩ ሳሙና ነው?

(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በሳሙና ሥራ ቡድን የቀረበ ንግግር)



ገዢ ፈሳሽ ሳሙናችንን ሲያነሳ መጀመሪያ ጠርሙሱን ዘንበል አድርጎ ያያል። ከቀጠነ መልሶ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ለማወፈር ጨው እንጨምራለን። ጨው ያወፍራል፤ ሲበዛ ግን መልሶ ያቀጥናል። ይህን እጃችን ያውቀዋል። ዛሬ የመጣነው ምክንያቱን ልንነግራችሁ ነው፤ ምክንያቱን ስናውቅ በገበያ የምንገባው ቃልም ይለወጣልና።

ዋናው ጥሬ ዕቃችን ቴክሳፖን ነው። እያንዳንዱ ቅንጣቱ ውሃ የሚወድ ራስና ቅባት የሚወድ ጅራት አለው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ ሸሽገው፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ጥቃቅን ኳሶች ይሠራሉ። የኳሱ ስፋት ጥቂት ናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ውሃውን አድርቀን እንየው ብንል ደግሞ ኳሱ ይፈርሳል።

ታዲያ እንዴት ታወቀ? ማታ ራቅ ያለ መብራት በስስ ሻሽ ውስጥ ብናይ ብርሃኑ ወደ ጎን ተበትኖ ይታያል። ክሮቹ በተቀራረቡ ቁጥር ብርሃኑ ሰፋ ብሎ ይበተናል። ስለዚህ ሻሹን ሳንነካ ከብርሃኑ አበታተን ሽመናውን ማወቅ እንችላለን። ተመራማሪዎችም ኤክስሬይ ወይም ኒውትሮን በሳሙናው ውስጥ አሳልፈው አበታተኑን ይለካሉ። ኤክስሬይ የሚበተነው በአቶም ኤሌክትሮኖች ሲሆን ኒውትሮን ግን በአቶሙ እምብርት ነው። ኒውትሮን ተራውን ሃይድሮጅን ከከባዱ ሃይድሮጅን ስለሚለይ፣ በከባድ ውሃ የተሟሟ ሳሙና ከውሃው ተለይቶ ጎልቶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1967 ፈረንሳይ ግረኖብል ከተማ የተመሠረተው የላውኤ-ላንጀቪን ተቋም በኒውትሮን ከሚሠሩ ታላላቅ ማዕከላት አንዱ ነው።

የእኛ ሳሙና ግረኖብል አልሄደም። ነገር ግን በዚሁ ዓይነት ሳሙና ላይ የተደረጉ ጥናቶች የጨውን ምስጢር ገልጠዋል። የቅንጣቶቹ ራሶች አንዱ ሌላውን ይገፋሉ። ጨው ሲገባ ግፊያው ይቀንሳል፣ ራሶቹ ይቀራረባሉ፣ ኳሶቹም አድገው ረጃጅም ድር ይሆናሉ። ድሮቹ ሲወሳሰቡ ሳሙናው ይወፍራል። ጨው ሲበዛ ግን ድሮቹ ቅርንጫፍ አውጥተው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ውስብስቡ ይላላል፣ ሳሙናውም ይቀጥናል።

እህቶቻችን፣ ልብ በሉ። ጨው ያወፈረው ሳሙና አንድም ቅንጣት ሳሙና አልተጨመረበትም፤ የተለወጠው አደራደሩ ብቻ ነው። ውፍረት የሳሙና ብዛት ምልክት አይደለም። ቴክሳፖን ውድ ነው፣ ጨው ርካሽ ነው። ቴክሳፖኑን ቀንሶ በጨው አወፍሮ መሸጥ ይቻላል፤ ገዢም ቶሎ አያውቅም። ድስቱ ላይ ያለውን ቅባት ሲያጥብ ግን ያውቃል፣ ሁለተኛ አይመለስም።

ስለዚህ ቡድናችን ሦስት ነገር ወስኗል። የቴክሳፖኑን መጠን አንቀንስም። ጨውን በእፍኝ ሳይሆን በሚዛን እንለካለን። የእያንዳንዱን በርሜል ልክ በመዝገብ እንጽፋለን። ደጋፊዎቻችን ዘንድሮ ልትረዱን ብታስቡ፣ ከተጨማሪ በርሜል ይልቅ ግራም የሚለይ ሚዛን ይቅደምልን።

«ይህ የተማረ ሰው ነገር ነው» የምትል ካለች አግነስ ፖከልስን እናስታውሳት። በ1862 የተወለደችው ይህች ጀርመናዊት ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። ወላጆቿን እያስታመመች በቤቷ፣ በቆርቆሮ ገበታ ላይ፣ የውሃን ገጽና በላዩ የሚንሳፈፈውን ስስ ቅባት ትለካ ነበር። ውጤቷ በ1891 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጣ። ዛሬ ኤክስሬይና ኒውትሮን በውሃ ገጽ ላይ ያለን ስስ ቅባት ሲመረምሩ የሚጠቀሙበት ገበታ የእርሷን ፈለግ የተከተለ ነው።

እርሷ በጓዳዋ ለካች። እኛም በጓሯችን እንለካ።