የእጅ ሰዓትን በቤት ስለ መጠበቅና ስለ ማጽዳት



በምሥራቅ ጎጃም፣ በቁይ ከተማ፣ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው ሰዓቱ በድንገት ቢቆምበት ሁለት መንገድ ከፊቱ ይቀርብለታል። አንደኛው ሰዓቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ብልኅ ሰዓት ሠሪ ወደሚገኝበት ወደ ደብረ ማርቆስ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ አዲስ አበባ መላክ ነው። ሁለተኛው ቢላዋ አንሥቶ የኋላውን ክዳን በገዛ እጁ መፈልቀቅ ነው። ሁለተኛው መንገድ ቅርብ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይመርጠዋል፤ ሰዓት ሠሪውም በመጨረሻ የሚረከበው ሰዓት መሆኑ ቀርቶ በመሐረብ የተቋጠረ ብረት ይሆናል። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ በቤት ሊሠራ የሚገባው የትኛው፣ ከቶ መነካት የሌለበትም የትኛው እንደ ሆነ ላስረዳችሁ አስቤአለሁ።

«ሰዓቱ በእጅ ስልክ ላይ እየታየ የእጅ ሰዓት ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በስብሰባ ላይ አለቃው እየተናገረ ስልኩን ከኪሱ የሚያወጣና ዐይኑን ወደ ክንዱ ጣል የሚያደርግ ሠራተኛ እኩል አይታዩም። ደግሞም ከአባት የተወረሰ ሰዓት በስልክ አይተካም።

አስቀድሞ ሰዓታችሁ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። የሞላ ሰዓት የሚባለው በውስጡ የተጠቀለለ ሞላ ያለው ነው። ሞላው ሲፍታታ ጥርሳም መዘውሮችን ይገፋል፤ እንደ ጠጉር የቀጠነ ሌላ ጥቅል ሽቦ የተያዘባት ትንሽ መዘውርም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች እርምጃውን ትቆጥራለች። በብዙዎቹ የቀድሞ ሰዓቶች ይህ ምት በሴኮንድ 5 ጊዜ፣ በሰዓት 18,000 ጊዜ፣ በቀን 432,000 ጊዜ ነው። በሬ እንኳ ከቀንበር ይፈታል፤ ይህች መዘውር ግን በዓልም ሰንበትም አታውቅም። በፊቱ ላይ «17 ድንጋይ» ተብሎ የተጻፈውም መዘውሮቹ የሚዞሩባቸውን ትንንሽ ቀይ ድንጋዮች ያመለክታል። ድንጋዮቹ በፋብሪካ የሚሠሩ ስለ ሆኑ በገበያ ዋጋ የላቸውም፤ ዕንቁ አገኛለሁ ብሎ ሰዓቱን የሚፈታ ድካሙ ከንቱ ነው።

የባትሪ ሰዓት ደግሞ ኳርትዝ በተባለ ድንጋይ ንዝረት የሚሠራ ነው፤ ድንጋዩ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይነዝራል። የዚህ ዓይነት የእጅ ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በጃፓን አገር ታኅሣሥ 16 ቀን 1962 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያወጣውም ሴይኮ የተባለው ኩባንያ ነው። እንዲህ ያለው ሰዓት በወር 15 ሴኮንድ ያህል ቢስት ነው፤ አሮጌ የሞላ ሰዓት ግን በቀን ግማሽ ደቂቃ ቢዘገይ ታሟል አይባልም።

አሁን ወደ ማጽዳቱ እንግባ። የሰዓት ጠላቱ ላብ፣ የቆዳ ቅባትና አቧራ ነው፤ ሦስቱ ተደባልቀው በክዳኑ ዙሪያና በማሰሪያው ሥር እንደ ጭቃ ይጋገራሉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ማታ ከሥራ ስትመለሱ፣ ሰዓቱን አውልቃችሁ በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ማሰሪያው የብረት ከሆነ ከሰዓቱ ለይታችሁ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና፣ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ እሹት፤ ከዚያም ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠብቁ። ማሰሪያውን የሚይዙት ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች በውስጣቸው ሞላ ስላላቸው ተስፈንጥረው ይጠፋሉና ሥራውን በነጭ ጨርቅ ላይ ማድረግ ይሻላል። የቆዳ ማሰሪያ ግን ውሃ ውስጥ አይገባም። በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ተጠርጎ በጥላ ይደርቃል። ከምድጃ ዳር ወይም ከፀሐይ ላይ የተሰጣ ቆዳ ይሰነጠቃል። ሽቶ የምትቀቡም ሆነ ለበዓል በጠጉራችሁ ላይ ቅቤ የምታደርጉ አስቀድማችሁ ሰዓታችሁን አውልቁ፤ ቅቤ በመሙያው ቁልፍ ሥር ከገባ በኋላ አቧራውን ሁሉ ይጠራል።

ክዳኑን መክፈት ግን የቤት ሥራ አይደለም። በሰዓት ውስጥ ያለው ዘይት ተመዝኖ በጠብታ ስባሪ የሚደረግ ነው። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ለመኪናው መልካም ነው፤ በሰዓት ላይ ግን ይፈስሳል፣ ይሰራጫል፣ አቧራም ይይዛል። የኑግ ዘይትማ ጥቂት ሰንብቶ ሙጫ ይሆናል። በቤንዚንና በላምባ አጥባለሁ የሚለው ደግሞ ከሰዓቱ ይልቅ ቤቱን ያስብ፤ የቤንዚን ትነት የከሰል ፍም ካለበት ማዕድ ቤት ጋር አይስማማም።

የሞላ ሰዓት በየቀኑ በአንድ ጊዜ፣ በተለይም ጧት፣ ከእጅ ወልቆ ይሞላል። በክንድ ላይ እንዳለ ሲሞላ ቁልፉ ወደ ጎን ስለሚገፋ ዘንጉ ይጣመማል። ጣታችሁ አልሄድም የሚል ኃይል ሲያገኘው አቁሙ። «ከመጠን በላይ ሞልቼው ቆመ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም፤ ያቆመው የደረቀ ዘይት ነው።

በዚህ ላይ አንድ የእኛ አገር ጉዳይ አለ፤ በሰዓቱ ፋብሪካ መመሪያም አይገኝም። ሰዓታችን ከንጋትና ከምሽት ስለሚቆጠር ብዙዎቻችን ጠቋሚዎቹን በአገራችን አቆጣጠር እናስተካክላለን። ቀን የሚያሳይ ሰዓት ቀኑን የሚለውጠው ሁለቱ ጠቋሚዎች በ12 ላይ ሲገናኙ፣ ያውም በየሁለተኛው ዙር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ይህ እኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ ግን ወይ ንጋት ወይ ምሽት ይሆናል። ቀኑ ማታ በ12 ሰዓት የሚለወጥባችሁ ብትሆኑ ጠቋሚዎቹን አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለት 12 ሰዓት፣ ወደፊት አዙሩ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይለውጣል።

ቀኑን በእጅ ስትለውጡ ደግሞ ጠቋሚዎቹ በ9 እና በ3 መካከል እንዳይሆኑ ተጠንቀቁ። በዚያን ጊዜ የቀኑ መዘውር ጥርሱን ነክሶ ይቆያልና በግድ ሲገፋ ይሰበራል። ጠቋሚዎቹን መጀመሪያ ወደ 6 አምጥቶ ከዚያ ቀኑን ማስተካከል ከዚህ ያድናል። ይህ ጥንቃቄ ከፈረንጁ ይልቅ ለእኛ ያስፈልጋል። ሰዓቱ የሚያውቀው 31 ቀን ያለውን ወር ሲሆን የእኛ ወር ግን 30 ስለ ሆነ በአገራችን ቀን የሚጠቀም ሰው ወር በጠባ ቁጥር አንድ ቀን መግፋት አለበት። ጳጉሜን 5 ቀን ሆና ስታልቅማ ሰዓቱ በእንቁጣጣሽ ጧት 6 ቁጥርን ያሳያል፤ ወደ 1 ለመመለስ 26 ቀን መግፋት ነው። በዓመት ይህን ያህል የሚገፋ መዘውር በደኅና ጊዜ ካልተገፋ ዕድሜ የለውም።

ብረት ስሐቢ ማግኔትም ሌላው ደባል ነው። ይህን ንግግር የምትሰሙበት ራዲዮ በድምፅ ማውጫው ውስጥ ማግኔት አለበት፤ የስልክ መያዣ ቦርሳዎችም እንዲሁ። ማታ ሰዓቱን በራዲዮው ላይ አኑሮ የሚተኛ ሰው የሞላ ሰዓቱ በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ ቢፈጥንበት አይደነቅ፤ ቀጭኑ ጥቅል ሽቦ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነው። ሰዓት ሠሪው ማግኔቱን በመሣሪያ በጥቂት ጊዜ ያጠፋዋል።

በጎጃም ደጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ብርቱ ነው። በክዳኑ ላይ «30 ሜትር» የሚል ጽሕፈት ቢኖር 30 ሜትር ጠልቃችሁ ዋኙ ማለት አይደለም፤ አዲስ ሆኖ በተፈተነ ጊዜ የዝናብ ፍንጣሪና የእጅ መታጠቢያ ውሃን ይችል ነበር ማለት ነው። ውሃውን የሚከለክለው ላስቲክ በዓመታት ይደርቃል። ብርዱ ሲያይል ከመስታወቱ በታች ጭጋግ ካያችሁ ውሃ ገብቷልና ሰዓቱን በዚያው ሰሞን ወደ ሠሪ ላኩት። በጤፍ ወይም በሩዝ ውስጥ መቅበር እርጥበቱን አያወጣም፤ ዱቄቱን ግን ያስገባል።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁን በተለይ የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ። ከሰዓት የወጣች ባትሪ እንደ ከረሜላ ታብለጨልጫለች። ሕፃን ከዋጣትና በጉሮሮው ከቀረች፣ በእርጥበቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ እያሳለፈች በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች። ሕፃኑን አታስመልሱት፤ ሆዱን እስኪያመው አትጠብቁ፤ በዚያው ቅጽበት የራጅ መሣሪያ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። አሮጌ ባትሪ በሳጥን አይቀመጥም፤ በፕላስተር ተጠቅልሎ ሕፃን ከማይደርስበት ይጣላል። በሰዓቱ ውስጥ የሞተ ባትሪም ፈስሶ ውስጡን ይበላልና ወዲያው ይውጣ፤ የሴኮንዱ ጠቋሚ ሁለት ሁለት ወይም አራት አራት ሴኮንድ እየዘለለ መሄድ ከጀመረ በብዙ ሰዓቶች ባትሪው ሊያልቅ ነው ማለት ነው።

ከአያት የተወረሰ፣ በጨለማ ያበራ የነበረ አሮጌ ሰዓት ያላችሁ ደግሞ ክዳኑንም መስታወቱንም አትንኩ። ከ1950ዎቹ በፊት በተሠሩ በብዙዎቹ ላይ ያ ቀለም ራዲየም ያለበት ነው። ብርሃኑ ጠፍቷልና ኃይሉ አብሮ ጠፍቷል አይባልም፤ የራዲየም ኃይል በግማሽ የሚቀንሰው በ1,600 ዓመት ያህል ነው። በአሜሪካ አገር ይህን ቀለም ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ይቀቡ ከነበሩት ወጣት ሴቶች አንዳንዶቹ መንጋጋቸው ተበልቶ ሞተዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ዋናው በሚረግፈው ዱቄት ስለ ሆነ፣ መስታወቱ ደኅና የሆነ ሰዓት በሣጥን ይቀመጥ፤ ከመኝታ አጠገብ ግን አይሁን። ለሠሪ ስትሰጡትም ቀለሙን አስቀድማችሁ ንገሩት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በስጦታ የተሰጡ፣ ፊታቸው ላይ የዘውድ ምልክት የታተመባቸው ሰዓቶች ያሏችሁም ሠሪው ፊቱን እንዳያጥበው አደራ በሉት፤ ምልክቱ በጨርቅ ሁለት ጊዜ ቢታሽ ይለቃል።

የሞላ ሰዓት ከ3 እስከ 5 ዓመት አንድ ጊዜ ተፈትቶ ታጥቦ ዘይት ይደረግለታል። ለሠሪው ስታስረክቡ በክዳኑ ላይ ያለውን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ የቀድሞው ዕቃ ተለውጦ ከሆነም አሮጌው እንዲመለስላችሁ ጠይቁ። ከቁይ በሰው እጅ የምትልኩት ከሆነ ሰዓቱን በጥጥ ጠቅልላችሁ በጠንካራ ትንሽ ሣጥን አድርጉት፤ ምን እንደ ሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነም በአጭር ወረቀት ጻፉበት።