የፖም ዛፎቻችን በሽታ፦ ችግኝ ከመግዛታችን በፊት
በዶራቪል በተካሄደው ዓመታዊ ስብሰባችን የቀረበ ንግግር



ፖም ለቸንቻ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አይገባኝም። ከፍሬው ሌላ የተዳቀለ ችግኝ ሸጦ ልጅ ያስተማረ፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ብዙ ነው። ስለዚህ ከቤተሰብ በስልክ የሚመጣው የታመመ ቅጠል ፎቶ ያሳስበኛል።

ፎቶው ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ቀለሙን እዩ። ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ፣ ጠብቦም ከተጠቀለለ፣ ዱቄት መሳይ ሻጋታ ነው። ፈንገሱ እንቡጥ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና እንቡጡ ሲፈነዳ አብሮ ይወጣል። ዝናብ አያስፈልገውም። ነጭ የለበሰውን ጫፍ እስከ ጤነኛው እንጨት ቆርጦ ማቃጠል ነው።

ወይራማ ቡናማ፣ ከፈይ የመሰለ ነጠብጣብ ቅጠሉ ላይ፣ ፍሬውም ላይ የሚሰነጠቅ ቅርፊት ካለ ግን እከክ ነው። ይሄኛው እርጥበት ይፈልጋል፤ ሙቀቱ 18 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ቅጠሉ 9 ሰዓት ያህል ርሶ ከቆየ ይይዘዋል። ሲበርድ ጊዜው ይረዝማል። የቸንቻን ጉም ታውቁታላችሁ! መሃሉን ገርዞ ነፋስና ፀሐይ ማስገባት የሚጠቅመው ቅጠሉ ቶሎ እንዲደርቅ ነው።

ከዚህ ወደ ሰሜን፣ በፖም በሚታወቀው ኤሊጄይ፣ ቅጠሉን ብርዱ ያራግፈዋል፤ እከኩም የወደቀው ቅጠል ላይ ይከርማል። እኛ ጋ ዛፉ እንዲያብብ ገበሬው ቅጠሉን በእጁ ያራግፋል። ያን ቅጠል ከዛፉ ሥር መተው አይገባም፤ ሰብስቦ በጥልቀት መቅበር ነው።

አንድ ወዳጄ መድኃኒት በሻንጣ እንላክ ብሎኛል። ሐሳቡ ከቅንነት ነው፤ እኔ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈበት መርዝ አክስቴ ጓዳ ውስጥ እንዲቀመጥ አልፈልግም። ድኝም ቢሆን የሚረጨው በሽታው ሳይገባ ነው፤ የገባውን አያድንም። ለሚረጨው ሰው ጓንትና የፊት መሸፈኛ ያስፈልጋል።

ወደ ገንዘባችን ልምጣ። ሻጋታው በእንቡጥ ስለሚጓዝ፣ ከታመመ እናት ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከተዳቀለ በሽታውን ገዝተን ለየቤቱ አደልን ማለት ነው። ስለዚህ ችግኝ ከመግዛታችን በፊት የግብርና ባለሙያ እናት ዛፎቹን ቅጠላቸው ወጥቶ ሳለ ይይልን። ከበጀቱም የተወሰነው ለመግረዣ መቀስ፣ ለመጋዝና ለሥልጠና ይዋል።

ሐሳቡን ለውይይት አቅርቤአለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ።