የማይዳሰስ ዕቃ ንግድና የገንዘብ ጥንቃቄ
(ለዕድሩ ጠቅላላ ጉባዔ የተደረገ ንግግር)



ልጁ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ዋለ እያልን እንቆጣለን እንጂ አንዳንዱ እኮ እየነገደ ነው። የሚሸጠውም የጨዋታ ሳንቲም፣ የጉግልና የአፕል የስጦታ ካርድ ኮድ፣ ወይም ራሱ ያዘጋጀው ሥዕል ነው። መነሻ ገንዘቡ ግን ብዙውን ጊዜ የእኛው የዕቁብ ዕጣ ስለሆነ ነገሩ ይመለከተናል።

በርበሬ በዱቤ የሰጠ ነጋዴ ገዢው ቢከዳው የተረፈውን ጆንያ ሄዶ ይይዛል። ኮድ ግን ገዢው አንዴ ካየው አለቀ፤ መልስልኝ ቢሉት ምን ይመልሳል? ስለዚህ ገንዘቡ ሳይገባ ኮዱ መውጣት የለበትም። የደረሰኝ ፎቶግራፍ መላክም ክፍያ አይደለም፤ በሐሰት የሚያዘጋጁት አሉ። በቴሌብር ከሆነ በራስ ስልክ *127# ብሎ ቀሪ ሒሳብን ማየት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ገብቶ የሚወጣው ገንዘብ ነው። ውጭ አገር ያለ ገዢ በቪዛ ካርድ ከፈለ እንበል። የካርዱ ባለቤት «እኔ አላዘዝኩም» ወይም «አልደረሰኝም» ብሎ ለባንኩ ካመለከተ፣ ገንዘቡ ከሻጩ ላይ ተመልሶ ሊነሣ ይችላል። የማመልከቻው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 120 ቀን ነው፤ አራት ወር መሆኑ ነው! ካርዱ የተሰረቀ እንደሆነ ደግሞ እውነተኛው ባለቤት ዝም አይልም። ጫማ የላከ ሰው የፖስታ ደረሰኝ ያቀርባል። ኮድ የላከ ግን የተጻጻፉትን፣ የላከበትን ቀንና ሰዓት፣ ከተገኘም ገዢው ኮዱን መጠቀሙን የሚያሳይ ማስረጃ ብቻ ነው ያለው። ይህንን ሳይሰርዙ ማስቀመጥ ይገባል።

አዲስ ገዢ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲያዝ ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ እኔ የምፈራው ግን ያንኑ ነው። በትንሽ በትንሹ ይሰጠው። በካርድ የመጣውንም ገንዘብ ጊዜው ሳያልፍ ሁሉንም ለአዲስ ዕቃ ማዋል ደግ አይደለም፤ ነገ መልሱ ቢባል የሚከፈል ከፊሉ ይቀመጥ።

ከዕድሩ ሣጥን ለዚህ ሥራ ብድር ይሰጥ የምትሉ አባላት አላችሁ። እኔ አልስማማም። የዕድሩ ገንዘብ ሞት በመጣበት ሌሊት ለድንኳንና ለቀብር መገኘት ያለበት ነው፤ አራት ወር ሙሉ የማን እንደሆነ ባልለየለት ገንዘብ ላይ ልንጥለው አንችልም። ልጆቹ የመዝገብ አያያዝ ለመማር ከፈለጉ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ዕድሩ ቤት ይምጡ፤ ሒሳብ ሹማችን ሊያሳዩአቸው ፈቅደዋል።