ለልደት በዓል የመዝሙር ዝግጅት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ከወልዲያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ገጠር የመጣነውን ሁሉ የሚመለከት አንድ ጉዳይ እናቀርባለን። ይኸውም ለልደት መዝሙር የምንዘጋጅበት መንገድ ነው።

እንደሚታወቀው ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። በብዙ ስፍራ ልምምድ የሚጀመረው በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ነው። ጾመ ነቢያት ግን ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ከዚያ እስከ በዓሉ ስድስት ሳምንት አለ። ጾሙ ሰውነትን እንደሚያዘጋጅ፣ ልምምዱም ድምፅንና ልብን ሊያዘጋጅ ይገባል።

አገራችን በዚህ ነገር ድኻ አይደለችም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች ትቶልናል። ዋድላ በቅኔ የታወቀው በዚሁ በእኛ ምድር ነው። በላሊበላም በልደት ቀን በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ እኩሌቶቹ ከላይ ከገደሉ አፋፍ፣ እኩሌቶቹ ከታች ቆመው «ቤዛ ኵሉ» ሲያሸበሽቡ፣ የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የሰዎች ምሳሌ ናቸው። አንዱ ወገን ሌላውን ካልሰማ ዜማው ይፈርሳል። የጓደኛውን ድምፅ የማይሰማ ዘማሪ ገና አልዘመረም ማለት ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግነው ድምፅን በአራት ከፍሎ መዘመርንና ኖታ ማንበብን ተምረናል፤ መልካም ዕውቀት ነው። ነገር ግን ከግዕዙ ቃል በላይ የሚጻፈውን የዜማ ምልክት የሚያውቅ መሪጌታ በአጠገባችን ሳለ ሳንጠይቀው ብንቀር፣ እርሱ ሲያርፍ ዕውቀቱም አብሮት ያርፋል። መጽሐፉ ቢቀር እንኳ የሚያነበው ይጠፋል።

ስለዚህ አራት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ልምምዱ ከጾሙ ጋር ይጀመር።

ሁለተኛ፤ ከዜማው በፊት የቃሉ ትርጉም ይጠና። ያልገባንን ቃል ብንጮኸው ለሚሰማን አይገባውም።

ሦስተኛ፤ ዐሥር መዝሙር ከመነካካት አራቱን አጥርቶ ማወቅ ይሻላል። ከበሮውም ቃሉን አይዋጠው።

አራተኛ፤ ጊዜው ለሁሉ የሚመች ይሁን። ኅዳርና ታኅሣሥ በሀብሩ ማሽላና ጤፍ የሚሰበሰብበት ወራት ነው፤ የገበሬ ልጅ በአጨዳ ቀን ቀረ ተብሎ አይነቀፍ። ሲመሽ ሴት ልጆቻችሁን ለመላክ የምትሠጉ ወላጆች እውነት አላችሁ፤ እንግዲህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። መምህራንም ፈተና ሲቀርብ ሰዓቱን በማስተካከል እንዲረዱን እንለምናለን።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው የሚል ቢኖር፣ 2014 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ጦርነቱ ወልዲያን፣ መርሳንና ላሊበላን አዳርሶ ነበር። ከተሞቹ ከጦርነቱ የወጡት በታኅሣሥ ወር ነው፤ ልደትም ከሳምንታት በኋላ ደረሰ። ብዙ ቤት ሐዘን ላይ ነበር፤ በዓሉ ግን ተከበረ። በዚያን ጊዜ ለመዘመር የቻሉት ዜማውን አስቀድመው በልባቸው ያኖሩ ነበሩ። የተዘረፈ ዕቃ ይጠፋል፤ የተጠና ዜማ ግን ከሰው ጋር ይሰደዳል፣ ከሰው ጋርም ይመለሳል።

እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንለያያለን። ከኋላችን የምትቀሩ ታናናሾቻችን ሆይ፣ ይህን አደራ ተቀበሉን።

እግዚአብሔር አገራችንን ይባርክ።