ፍታሊክ አንሃይድራይድን ከቅጥራን ስለ ማውጣት



የድንጋይ ከሰል አየር በማይገባበት ምድጃ ግሎ ለብረት ማቅለጫ የሚሆን ኮክ ሲወጣለት፣ ከጋዙ ውስጥ ጥቁር ቅጥራን ይጠራቀማል። ከዚህም ቅጥራን አንድ አሥረኛ ያህሉ፣ በየቤቱ በብል መከላከያነት የሚታወቀው ናፍታሊን ነው። ናፍታሊን ከኦክስጅን ጋር በልኩ ሲዋሐድ ፍታሊክ አንሃይድራይድ የተባለ ነጭ ጠጣር ይሰጣል፤ እርሱም ለቅብ ቀለም፣ ለፕላስቲክ ማለስለሻና ለጨርቅ ማቅለሚያ መሠረት ነው። ችግሩ ልኩን በመጠበቁ ላይ ነው። ናፍታሊን ተቀጣጣይ ስለሆነ ካልተገታ በስተቀር ፈጽሞ ይቃጠላል። እንግዲህ የዚህ ኢንዱስትሪ ታሪክ፣ የተጀመረን ቃጠሎ በመካከል የማስቆም ታሪክ ነው።

በ1890ዎቹ ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ ሰው ሠራሽ ኢንዲጎን ለማምረት ርካሽ ፍታሊክ አንሃይድራይድ ፈለገ። ኬሚስቱ ሳፐር ናፍታሊንን በሰልፈሪክ አሲድ ሲያሞቅ ቴርሞሜትር ተሰብሮ ባዜቃው ስለ ፈሰሰበት ሥራው እንደ ተፋጠነ ይነገራል። ኢንዲጎው በ1897 ለገበያ ቀረበ፤ ዘዴው ግን እጅግ ብዙ አሲድ ይፈጅ ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ማቅለሚያ ወደ አሜሪካ መግባቱ ሲቋረጥ፣ በዋሽንግተን በመንግሥት የኬሚስትሪ ቢሮ ይሠሩ የነበሩት ጊብስና ኮኖቨር የናፍታሊንን ተን ከአየር ጋር ደባልቀው በቫናዲየም ኦክሳይድ ላይ አሳለፉ። በጀርመንም አልፍሬድ ቮል ለብቻው ከዚሁ ደረሰ። ቫናዲየሙ የራሱን ኦክስጅን ለናፍታሊኑ ይሰጥና ጉድለቱን መልሶ ከአየር ይሞላል፤ ይህንንም አሠራር የሆላንድ ተመራማሪዎች ማርስና ቫን ክሬቨለን በ1954 አስረድተዋል።

የኬሚስቱ ሥራ እዚህ ላይ ሲፈጸም የመሐንዲሱ ይጀምራል። ከአንድ ኪሎ ናፍታሊን ወደ 14 ሚሊዮን ጁል ሙቀት ይወጣል፤ ይህም አንድ ኪሎ ጥሩ የድንጋይ ከሰል ከሚሰጠው ግማሽ ያህሉ ነው። ሙቀቱ በጊዜው ካልተወሰደ ካታሊስቱ ይግላል፤ ሲግል ውሕደቱ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ይብሱን ይግላል፤ በመጨረሻም ምርት ይሆን የነበረው ሁሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ሆኖ ይባክናል። ከዚህም የተነሣ ካታሊስቱ በብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ተሞልቶ፣ ቱቦዎቹ በማቀዝቀዣ ይከበባሉ። ከካታሊስትነት የተሰናበተው ባዜቃ በዚህ በኩል ተመልሶ፣ በመጀመሪያዎቹ ፋብሪካዎች እየፈላ ሙቀቱን ይወስድ ነበር፤ በኋላ የቀለጠ የናይትሬት ጨው ተተካበት። የናፍታሊኑም መጠን ቁጥጥር ይሻል፤ ተኑ ከአየሩ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ሲደርስ ሊፈነዳ ይችላልና።

የካርቦኑም ሂሳብ ሊዘነጋ አይገባም። ናፍታሊን 10 ካርቦን ሲኖረው ምርቱ 8 ብቻ አለው፤ ሁለቱ ይቃጠላሉ። 148 ኪሎ ምርት ለማግኘት፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ፣ 128 ኪሎ ናፍታሊን ያስፈልጋል። ከነዳጅ ዘይት የሚገኘው ኦርቶዛይሊን ግን 8 ካርቦን ብቻ ስላለው 106 ኪሎው ይበቃል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኦርቶዛይሊን ዋናውን ቦታ የያዘበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሆኖም እንደ ቻይና ኮክ በብዛት በሚመረትበት አገር ቅጥራኑ ዛሬም ናፍታሊን ያቀርባል።

ስለዚህ ፋብሪካ የሚያቅድ ባለሙያ የጥሬ ዕቃውን ዋጋ ብቻ መጠየቁ አይበቃውም። ከካርቦኑ ምን ያህሉ በጭስ ማውጫ እንደሚሄድ፣ ሙቀቱስ በምን መንገድ እንደሚወጣ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። ሁለተኛውን ጥያቄ የዘነጋ ዕቅድ ከምርት ማነስ አልፎ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።